የአልጎልን ዙር በባዶ ዓይን ማውጣት

ቴሌስኮፕ የለኝም የሚል ሰበብ እዚህ አይሠራም። ደብተር፣ ሰዓትና ጋቢ ይበቃል። አልጎል አንድ ኮከብ ብትመስልም እርስ በርስ የሚዞሩ ኮከቦች ናት፤ ደብዛዛው በደማቁ ፊት ሲያልፍ ብርሃኗ ይቀንሳል። ከአንዱ ግርዶሽ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ያለው ጊዜ ዙሩ ነው። በ1783 እ.ኤ.አ. ይህን ያሳወቀው ጆን ጉድሪክ የ18 ዓመት ልጅ ነበር፣ መስማት የተሳነው፣ የሠራውም በባዶ ዓይን።

ከአዲስ አበባ ከሆናችሁ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማታ ወደ ሰሜን ተመልከቱ፤ ፐርሲየስ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ናት። ባልተጋረደች ጊዜ ድምቀቷ 2.1 ነው፣ ልክ እንደ ጎረቤቷ አልማክ። ስትጋረድ 3.4 ትደርሳለች (ቁጥሩ ሲያድግ ድምቀቱ ይቀንሳል፣ መጀመሪያ ግር ይላል)። ለማወዳደሪያ እዚያው ፐርሲየስ ውስጥ ያለችውን ኮከብ ኤፕሲሎን ፐርሴይን ያዙ፣ 2.9 ናት። አጠገቧ ያለችውን ሮ ፐርሴይን ግን እንዳታምኗት፣ እሷም ትለዋወጣለች።

ግርዶሹ ከጫፍ ጫፍ 10 ሰዓት ያህል ይወስዳል። መደብዘዝ ስትጀምር በየ15 ደቂቃው እያያችሁ ጻፉ። በጣም የደበዘዘችበትን ደቂቃ በዓይን ለመያዝ አትድከሙ፣ እዚያ ጋ ለውጡ ዝግ ስለሚል ትሸወዳላችሁ። ይልቅ ስትወርድ ከኤፕሲሎን ጋር የተካከለችበትንና ስትመለስ የተካከለችበትን ሰዓት ያዙ። እንበል ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ 4:20 ላይ ወረደች፣ 8:00 ላይ ተመለሰች። መሐሉ 6:10 ነው። በቃ።

ሐሙስ ማታ መሐሉን 2:50 ላይ አገኛችሁ እንበል። ልዩነቱ 68 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ማለትም 2.861 ቀን። እዚህ ጋ እኔ የሠራሁትን እንዳትደግሙ፦ አንዱን በእኛ ሰዓት፣ ሌላውን ከስልኬ ገልብጬ ጽፌ 6 ሰዓት የተሳሳተ ዙር አውጥቼ ሁለት ሳምንት ኮከቧን ስወቅስ ከረምኩ። አንዱን ምረጡና እሱው ላይ ቆዩ።

በዓይን መሐሉን ስትገምቱ የ10 ደቂቃ ስህተት ያለ ነው። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ገና ሲቃረብ፣ ሌላ ግርዶሽ ጠብቁ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መቁጠር ደስ ይላል፣ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ። ከመጀመሪያው መሐል 65 ቀን ከ22 ሰዓት ከ35 ደቂቃ አለፈ እንበል፣ 65.941 ቀን። ለ2.861 ሲካፈል 23.05 ይመጣል፤ ዙር ደግሞ ግማሽ የለውም፣ ስለዚህ 23 ነው። 65.941ን ለ23 አካፍሉት፦ 2.8670። የታወቀው 2.8673 ነው። ያው የ10 ደቂቃ ስህተት ለ23 ተከፋፍሎ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ሁለት ተከታታይ ግርዶሾችን ያላየ ሰው ግን 23 ይሁን 22 የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ያንን አትዝለሉት።

ወደ ሌላ ኮከብ ስትሄዱ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ ዙር ሁለት ግርዶሽ አለ፤ የአልጎል ሁለተኛ ግርዶሽ፣ ማለትም ደማቁ በደብዛዛው ፊት የሚያልፍበት፣ በዓይን አይታይም፣ ስለዚህ አያሳስትም። በባይኖኩላር የምትታየው ዳብልዩ ኡርሳ ማዮሪስ ግን ሁለቱም ግርዶሾቿ እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸው፣ በየ4 ሰዓቱ ትደበዝዛለች። ዙሯ 8 ሰዓት ነው።