ድምፅ አለው፣ ግን አይደውልም፦ የስልክ ጌትዌይ ችግርና መፍትሄ

"ድምፅ እኮ አለው!" ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ ፔንሲዮን ጠርተውኝ ስሄድ እንግዳ ተቀባይዋ ቀፎውን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። እውነትም ቱ... ይላል። ቁጥር ስንመታ ግን ጥሪው አይወጣም።

ድምፅ አለ፣ ጥሪ አይወጣም
ያን "ቱ..." የሚል ድምፅ አትመኑት። የሚያሰማችሁ ራሱ ጌትዌዩ ነው፣ ተራውን ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ሳጥን፤ ብዙ ጌትዌዮች ኢንተርኔት ባይኖርም ይጮኻሉ። የጌትዌዩን ገጽ በኮምፒውተር ከፍታችሁ "ሬጂስተርድ" (ጥሪ በሚያስተላልፈው ሰርቨር ላይ ተመዝግቧል) ማለቱን እዩ። ካላለ የስህተት ቁጥሩን አንብቡ። 403 ከሆነ ሰርቨሩ ጋ ደርሳችኋል፣ አልተቀበላችሁም እንጂ፤ ዩዘርኔምና ፓስወርዱን እንደገና ጻፉ። 408 ከሆነ መልስ አልመጣም፤ የሰርቨሩን አድራሻና ኢንተርኔቱን ፈትሹ። የፔንሲዮኑ 403 ነበር። ፓስወርዱ ከቴሌግራም ኮፒ ሲደረግ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ይዞ መጥቷል፤ በነጠብጣብ ስለሚታይ ማንም ልብ አላለውም።

አንዱ ወገን አይሰማም
የሥራዬ ግማሹ ይሄ ነው። ጥሪውን የሚያገናኘው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ በፖርት (በኢንተርኔት መግቢያ በር ቁጥር) 5060 ይሄዳል፤ ድምፁ ግን በሌላ ፖርት። ጌትዌዩ "ድምፁን እዚህ ላኩልኝ" ብሎ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ከሰጠ፣ ከውጭ የሚመጣው ድምፅ መግቢያ ያጣል። የፔንሲዮኑን ስም ሳይነግሩ "ክፍል 7 ነኝ፣ ና" እንደማለት ነው። መጀመሪያ ራውተሩ ላይ "ሲፕ ኤ ኤል ጂ" የሚለውን፣ የጥሪ መልእክቱን መንገድ ላይ የሚያስተካክለውን፣ አጥፉ፤ ለመርዳት ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ብዙ ጊዜ መልእክቱን ያበላሸዋል። ካልበቃ ጌትዌዩ ላይ "ስተን" የሚለውን አብሩ፤ ጌትዌዩ ከውጭ የሚታየውን አድራሻውን እንዲያውቅ ያደርገዋል። ተነስቶ 32 ሰከንድ ገደማ ላይ የሚቋረጥ ጥሪም የዚሁ ዘመድ ነው፦ የማረጋገጫው መልእክት መንገድ ላይ ቀርቷል።

ቀፎው ጭር ብሏል
የጌትዌዩን የስልክ ገመድ ቀዳዳ እዩ። ኤፍ ኤክስ ኤስ የስልኩ ነው፣ ኤፍ ኤክስ ኦ ከግድግዳ የሚመጣው መስመር። መልካቸው አንድ ነው። ስልኩን ኤፍ ኤክስ ኦ ላይ ከሰካችሁት ኃይል የሚሰጠው የለም። የግድግዳውን መስመር ኤፍ ኤክስ ኤስ ላይ ግን እንዳትሰኩ፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ስለሚልኩ ሳጥኑ ሊቃጠል ይችላል።

ድምፁ ይቆራረጣል
ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ አራት ስልክና የካሜራ ምስል በአንድ ቀጭን ኢንተርኔት ይጋፉ ነበር። ድምፅ በተለያየ መንገድ ይታሸጋል፦ በጂ 711 አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው ወደ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ይበላል፤ በጂ 729 ወደ 31። ወደ ጂ 729 ቀየርኩት፣ ድምፁ ጠራ። ፋክስ ያለበትን መስመር ግን ጂ 711 ላይ ተዉት።

መብራት ሲጠፋ ስልኩም ይጠፋል
የድሮው ስልክ ኃይሉን ከቴሌ ጣቢያ በመስመሩ ያገኝ ነበር፤ ይሄ አያገኝም። መጋዘኑ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ገዝቶ ጌትዌዩን ብቻ ሰካበት። ራውተሩ ከጎኑ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቀፎው ግን ቱ... ይላል።