ጀርመን ሸፐርድ ከማስጠቃትዎ በፊት

ሴት ውሻን ለማስጠቃት፣ ማለትም ከወንድ አገናኝቶ ለማስወለድ፣ «ዝርያዋ ንጹህ ነው» ማለት በቂ ምክንያት አይሆንም። የጀርመን ሸፐርድ ትልቁ ጣጣ የዳሌ መገጣጠሚያ ብልሽት ነው። በዘር ይተላለፋል፤ ውሻዋ በወጣትነቷ ስትዘል ስላዩ ብቻ የለባትም ማለት አይቻልም። ስለዚህ 24 ወር ከሞላቸው በኋላ ሴቷም ወንዱም ዳሌያቸውንና ክርናቸውን ራጅ ይነሡ፤ አቀማመጡ እንዳይዛባ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በማደንዘዣ ያስተኛቸዋል። ውጤቱ ካላማረ፣ የዘር ሐረጓ ወረቀት ምንም ያህል ቢያምር፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይቁም።

ጠባይም ይወረሳል። እንግዳ ስታይ የምትርበደበድ ወይም ያለ ምክንያት የምትናከስ ውሻን «ለጥበቃ ትሆናለች» ብሎ ማስወለድ ስሕተት ነው።

ሁለቱም የብሩሴሎሲስ የደም ምርመራ ያድርጉ። በሽታው በጥቂ ይተላለፋል፣ ያስወርዳል፣ ሰውንም ይይዛል።

ቀጥሎ ኪስዎን ይፈትሹ። እርግዝናው ወደ 63 ቀን ነው፤ 8 ቡችላ መውለድ ብርቅ አይደለም። 30 ደቂቃ ያህል አጥብቃ አምጣ ቡችላ ካልወጣ ሐኪም መጠራት አለበት፤ ሌሊት ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ካላገኙ አያስጠቋት። በእርግዝናዋ ወቅት ሐኪም ሳያዝ ካልሲየም አይስጧት፤ ሰውነቷ ካልሲየምን ከአጥንቷ ማውጣቱን ስለሚያዘገይ፣ ስታጠባ ለሞት የሚያደርስ መንቀጥቀጥ ሊይዛት ይችላል።

ቡችሎቹ 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይለዩም። የትል መድኃኒት ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ፣ የመጀመሪያው ክትባት ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰጣል። ገዥ የመለሰውን ቡችላ የሚያሳድሩበት ቦታ ከሌለዎት፣ ሴቷን ማስመከን ይሻላል።