እናትና አባትን ወደ ጀርመን ሲጋብዙ፦ የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንሱን አንብበው ይግዙ

ጀርመን ገብቶ ሥራ የያዘና የሚያድርበት ቤት ያገኘ የአገራችን ልጅ ብዙ ሳይቆይ የሚያስበው ወላጆቹን ጠርቶ አብሮ መሰንበትን ነው። ለቪዛው ከሚጠየቁት ወረቀቶች ሁሉ ብዙ ሰው በመጨረሻው ሰዓት፣ ርካሹን ፈልጎ የሚገዛው የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስን ነው። ኤምባሲው በዚያ ርካሽ ውል ሊረካ ይችላል። የሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል ግን አይረካም፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት ከሌሎቹ አስቀድመው ይያዙት።

ለአጭር ጉብኝት የሚሰጠው የሸንገን ቪዛ (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሱ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) የሚመራው በአውሮፓውያን 2009 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ደንብ ነው። በደንቡ መሠረት ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና የቆይታውን ጊዜ በሙሉ የሚይዝ መሆን አለበት። አስቸኳይ ሕክምናን፣ ድንገተኛ የሆስፒታል ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞት ቢያጋጥም የሚመጣውን ወጪ ይጨምራል። ለጀርመን ብቻ የሚሠራ ውል ተቀባይነት የለውም። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ የኅብረቱ አባል ሳይሆኑ ሸንገን ውስጥ ስላሉ፣ በወረቀቱ ላይ «የሸንገን አገሮች» የሚለው በግልጽ ተጽፎ ይገኝ።

ኢንሹራንሱን ተጓዡ ራሱ እንዲገዛ አይገደድም፤ ሌላ ሰው ሊገዛለት እንደሚችል ደንቡ ይፈቅዳል። አገር ቤት ያሉ ኩባንያዎችም የጉዞ ውል ይሸጣሉ። እኔ ግን እዚሁ ጀርመን ለእንግዶች ተብሎ ከሚሸጠው ቢገዙ እመርጣለሁ፤ ችግር ሲመጣ ደውሎ የሚከራከረው እርስዎ ነዎትና ኩባንያው በቅርብ ቢገኝ ይሻላል። ቅጹን ሲሞሉ የፓስፖርቱን ፎቶ አስልከው ከዚያ ላይ ይገልብጡ። እናትዎ የልደት ቀናቸውን በስልክ ሲነግሩዎት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው በአውሮፓውያን ነው። ወልደ ማርያም ወይም ገብረ ሥላሴ የሚለው ስም ፓስፖርቱ ላይ አንድ ቃል ሆኖ ከተጻፈ እርስዎም አንድ ቃል ያድርጉት። በአንድ ፊደል ልዩነት ወረቀቱ የሌላ ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል።

የጊዜውንም ነገር ያስቡበት። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 (በአውሮፓውያን 2024) ባሳለፈው ውሳኔ፣ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ስለሚቻል ቀደም ብለው ይጀምሩ። የሚጀምርበት ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊቀየር የሚችል ውል ይምረጡ።

አሁን ዋናው ነገር። አብዛኞቹ ርካሽ ውሎች ተጓዡ ከመምጣቱ በፊት ለነበረበት ሕመም አይከፍሉም። በጀርመንኛው «ፎርኤርክራንኩንግ» (Vorerkrankung) የሚለውን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ። ወላጆቻችን ደግሞ በአብዛኛው ወይ ግፊት ወይ ስኳር አለባቸው። ልጅ እንዳይጨነቅ ብለውም ይደብቃሉ፤ «ደህና ነኝ ልጄ» ይሉዎታል፣ መድኃኒቱ ግን ትራስ ሥር ነው። ስለዚህ አብራቸው የምትኖረውን እህትዎን ወይም ጎረቤታቸውን ይጠይቁ፤ የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ፎቶ ያስልኩ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በነበረ ሕመም ላይ ድንገተኛ መባባስ ሲመጣ ይከፍል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ። የሚከፍሉ ውሎች አሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ በዕድሜም ይጨምራል፤ ልዩነቱ ግን የሚያስቆጭ አይደለም። ስለ ጤና ጥያቄ ከቀረበ እውነቱን ይሙሉ። ተደብቆ የተገኘ ሕመም ኩባንያው አልከፍልም እንዲል በቂ ምክንያት ይሆነዋል።

የዘወትር መድኃኒት በዚህ ኢንሹራንስ አይሸፈንም ብለው ያስቡ። ለቆይታቸው የሚበቃውንና ጥቂት ትርፍ ከሐኪም ማዘዣ ጋር ይዘው ይምጡ፤ ማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ ዋና ስም በእንግሊዝኛ ይጻፍ። በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዝ።

ይህን ሁሉ የማስጠነቅቀው በሌላ ምክንያትም ነው። ወላጆች በቂ ገንዘብ ማሳየት ካልቻሉ እርስዎ የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄደው «ፈርፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ» የሚባለውን የኃላፊነት ሰነድ ይፈርማሉ። ክፍያው 29 ዩሮ ነው፤ የሚሸከሙት ግዴታ ግን ከባድ ነው። እንግዳው ላይ የወጣውን የመንግሥት ገንዘብ፣ የሕክምናውንም ጭምር፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከእርስዎ መጠየቅ ይቻላል። ኢንሹራንሱ ያልከፈለው ወጪ ዞሮ እርስዎ ቤት ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል መተኛት ካስፈለገ 30,000 ዩሮ ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ ከቻሉ ከዝቅተኛው በላይ የሚሸፍን ውል ይግዙ።

አስከሬን ወደ አገር ቤት የማጓጓዝ ወጪም በውሉ መኖሩን ያረጋግጡ። ለወላጅ ሲገዙ ይህን ማንበብ ይከብዳል። ቢሆንም በየከተማው ያሉ የሐበሻ ማኅበራት ለስንቱ ቤተሰብ በሐዘን ላይ ገንዘብ ሲያዋጡ እንደኖሩ ሲቆዩ ያዩታል።

እንግዳዎ ከገቡ በኋላ የኩባንያውን የ24 ሰዓት ስልክና የውሉን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ያስቀምጡ፤ እርስዎ ሥራ ላይ ሳሉ ቤት ብቻቸውን ይውላሉና። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ 112 ይደወላል። ማታ ወይም ቅዳሜና እሑድ ለሚመጣ፣ እስከ ነገ ለማያቆይ ሕመም ደግሞ የተረኛ ሐኪም ስልክ 116117 አለ። ሆስፒታል መተኛት ካስፈለገ በተቻለ ፍጥነት ለኩባንያው ያሳውቁ። ሳይተኙ ሐኪም ዘንድ ታክመው ከተመለሱ ግን ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ ለእርስዎ ይሰጥና ከፍለው ኋላ ያስመልሳሉ፤ ሒሳቡ ላይ የሕመሙ ዓይነትና የታከሙበት ቀን መጻፉን ሳያዩ አይውጡ።

ቪዛው ከተከለከለ ብዙ ኩባንያዎች የእምቢታውን ደብዳቤ አይተው ገንዘቡን ይመልሳሉ፤ ውሉ የሚጀምርበት ቀን ሳይደርስ ይጠይቁ። ቪዛው የሚፈቅደው ቀን ኖሮ ወላጆችዎ ትንሽ ልሰንብት ካሉም ኢንሹራንሱ ከማለቁ በፊት ያስረዝሙት። ካለቀ በኋላ አዲስ ውል መግዛት ያስቸግራል፤ ለእንግዶች የሚሸጡ ውሎች ብዙዎቹ ከገቡ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ካልሆነ አይሸጡም።