ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጎን፦ ለድሮይት ፓርክ ለሚገባ አዲስ ሰው

ዋሽንግተን ዲሲ ገብቶ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ መኪና ለመኖር ላሰበ ሰው እኔ የምጠቁመው ለድሮይት ፓርክን (LeDroit Park) ነው፤ ከፍሎሪዳ ጎዳና በላይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥግ ያለችውን ትንሽ ሰፈር። ዘመድ አዝማድ «ከከተማው ወጣ ብለው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ይግቡ፣ ሐበሻው እዚያ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ እውነትም አለው። ነገር ግን እዚያ ከባቡር ጣቢያ ራቅ ብሎ ለተከራየ ሰው መኪና ግድ ይሆናል። እዚህ ሾው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የሜትሮ ጣቢያ፣ ሆስፒታሉ፣ የሾው ቤተ መጻሕፍትና 9ኛ እና ዩ ጎዳና ላይ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሁሉም የእግር መንገድ ናቸው። በጆርጂያ ጎዳና ሽቅብ የሚሄደው አውቶቡስ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ያደርሳል። ቅድስት ማርያም ለመሳለም የፈለገም በዚያው አውቶቡስ ሄዶ ቡካናን ጎዳና አካባቢ ይወርድና ትንሽ በእግሩ ይጓዛል።

አስቀድሞ አድራሻ ማንበብ ይልመዱ። ከተማዋ ከአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ (ካፒቶል) ተነሥታ በአራት ትከፈላለች፤ እያንዳንዱ አድራሻ መጨረሻው ላይ ኖርዝ ዌስት፣ ኖርዝ ኢስት እያለ አቅጣጫውን ይናገራል። ቲ ጎዳና በሁለቱም ወገን አለ፤ ለያዩ ኖርዝ ካፒቶል ጎዳና ደግሞ ከሰፈሩ እምብዛም አይርቅም። አቅጣጫውን ሳይጽፉ የላኩት ዕቃ ማዶ ያለ ሰው ደጃፍ ላይ ቢያድር አይገረሙ። የቁጥር ጎዳናዎች ከሰሜን ደቡብ፣ የፊደል ጎዳናዎች ከምሥራቅ ምዕራብ ይሄዳሉ። ስለዚህ ቲ ጎዳና 326 ከተባለ ቤቱ በ3ኛ እና በ4ኛ ጎዳና መካከል ነው፤ ስልክ ማውጣት አያስፈልግም። ሰፈሩ ውስጥ ግን ጎዳናዎቹ ትንሽ ያፈነግጣሉ። የዛሬው ፍሎሪዳ ጎዳና ድሮ የከተማው ወሰን ነበር፤ ለድሮይት ፓርክ ከወሰኑ ውጭ በራሱ ፕላን ተሠራና ለጎዳናዎቹ የዛፍ ስም ወጣላቸው። ከእነዚያ ስሞች መካከል ኤልም ጎዳና እስካሁን አለ።

ታሪኩን ማወቅ ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤት ጋር ለመግባባት ይጠቅማል። ሰፈሩን በ1873 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የቆረቆረው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መሪዎች አንዱ የነበረው አምዚ ባርበር ነው። ጥቁሮችን ለማስተማር በተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ሥር ለነጮች ብቻ የሚሸጥ፣ አጥር የታጠረበት ሰፈር! በ1888 የአካባቢው ጥቁር ነዋሪዎች አጥሩን አፈረሱት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰፈሩ የጥቁር ምሁራን መኖሪያ ሆነ፤ ገጣሚው ፖል ሎረንስ ደንባር፣ መምህርቷ አና ጁሊያ ኩፐር፣ ለሴቶችና ለጥቁሮች መብት የታገለችው ሜሪ ቸርች ቴሬል እዚህ ኖረዋል። ያ 326 ቁጥር የቴሬል ቤት ነው። ቆም ብለው ቢያዩት ግማሽ ቤት ነው፤ ተጣብቆት የነበረው ሌላው ግማሽ የለም። የእኛም ሰው አሻራ ቅርብ ነው፤ ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩት ሃዋርድ ነው።

እንግዲህ እዚህ በረንዳቸው ላይ የተቀመጡ አዛውንት «እንደምን አደርክ» ቢሉዎት አንገት ደፍቶ ማለፍ ነውር ነው። ብዙዎቻችን ከድካምም ከቋንቋ ፍርሃትም ዝም ብለን እናልፋለን፤ እነሱ ግን ትዕቢት ይመስላቸዋል። ሰላምታ የእግዜር ነው፤ እንግሊዝኛው ባይሟላ እጅ ማንሳትም ይበቃል። ሰፈሩ በኪራይና በቤት ዋጋ ምክንያት የድሮ ነዋሪዎቹን እያጣ ነው፤ አዲስ ገቢን በጥንቃቄ ቢያዩ አይፈረድባቸውም።

አሁን ወደ ቤቱ። ሰፈሩ ከ1974 ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ስላለ አከራዩ እንኳ የፊት ለፊቱን መስኮት እንዳሻው አይቀይርም፤ ከከተማው ፈቃድ ያስፈልገዋል። አሮጌ መስኮት ማለት ደግሞ ብርድ ማለት ነው። ሲጎበኙ እጅዎን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርገው ነፋስ መግባቱን ይፈትሹ፤ የማሞቂያውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ያጽፉ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ መርዛማ የሆነው የእርሳስ ብረት (ሊድ) ሊኖረው ስለሚችል፣ ሕፃን ያለው ሰው የተላጠ ቀለም ካየ ሳይጠይቅ አይግባ።

አብዛኛው አዲስ ሰው የሚገባው ቤዝመንት (ምድር ቤት) ነው፤ ኪራዩ ዝቅ ስለሚል። እዚህ ላይ ጠበቅ ይበሉ። በ2012 ክረምት እዚህና አጎራባቹ ብሉሚንግዴል የፍሳሽ መስመሩ ዝናቡን መሸከም አቅቶት ውኃ በተደጋጋሚ ቤዝመንቶች ውስጥ ገብቷል። ከተማው ከዚያ ወዲህ ለዚህ አካባቢ የዝናብ ውኃ የሚይዙ ትልልቅ ዋሻዎች ቆፍሯል፤ የመጨረሻው በ2023 ሥራ ጀምሯል፤ ሆኖም ዓይንዎን ይመኑ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በግድግዳው ላይ የሚሄድ ቡናማ መስመር፣ ያበጠ የበር እግር፣ የሻጋታ ሽታ ካለ «ቀለም እንቀባዋለን» የሚለውን ተስፋ አይቀበሉ። በእሳት ጊዜ ሰው የሚያሾልክ መስኮት ወይም ሁለተኛ በር መኖሩንም ይመልከቱ። አከራዩ የማከራየት ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ሕጉ ያስገድደዋል።

በዲሲ መያዣ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ሲወጡም በ45 ቀን ውስጥ መመለስ ወይም ለወጪ ሊቆረጥበት መሆኑ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ስለዚህ የገቡ ዕለት ክፍሉን ጥግ በጥግ ፎቶ ያንሱ። የውል ዘመን አለቀ ተብሎ ብቻ ውጡ ማለት እንደማይቻልም ይወቁ። ጭቅጭቅ ቢነሣ ከተማው ለተከራይ የሚቆም ቢሮ አለው፤ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ክፍያ የለውም፤ ልጅዎን ከትምህርት ቤት ጎትተው እንዲያስተረጉም ማድረግም አያስፈልግም።

ቤት ፍለጋውን ከተቻለ ነሐሴ ከመድረሱ በፊት ይጨርሱ፤ ተማሪው ሲመለስ ክፍል ይጠፋል። ተማሪ የራሱን ክፍል ላከራይዎ ካለም የባለቤቱን የጽሑፍ ስምምነት ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ።

መኪና ይዞ ለሚመጣ እንግዳ አንድ ነገር ይንገሩ፦ በአብዛኛው ጎዳና ላይ በሥራ ቀን የሰፈሩ ፈቃድ የሌለው መኪና ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆምም። ለቡና የተጠራ ሰው አቦሉንና ቶናውን ጠጥቶ በረካው ሳይቀዳ ወደ መኪናው መሮጡ ነው። የእንግዳ ማቆሚያ ፈቃዱን አስቀድመው ያውጡለት፤ ያለዚያ ምልክቱን አንብበው ለቅዳሜ ይጥሩት።