ፍሎረሰንት መብራት ደጋግሞ ሲበላሽ የሚሠሩ ስህተቶች

ከደጀን እስከ ቡሬ በፍሎረሰንት የሚያመሽ ሱቅና ቢሮ ዛሬም አይጠፋም። ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር የሁሉም መድኃኒት ስታርተር፣ ማለትም አምፖሉን የሚያስነሣውን ትንሽ ዕቃ መቀየር ነው። ርካሽ ነው፣ በእጅ ተጠምዝዞ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ጥያቄው ያው መብራት በወሩ ሲያገረሽበት ይመጣል።

ስታርተሩን ብቻ መወንጀል

ዕድሜው ያለቀ አምፖል በቀላሉ አይነሣም። ስታርተሩ ሲሞክር ሲሞክር አዲስ እንኳ ቢሆን ይቃጠላል። ስለዚህ አስቀድመው የአምፖሉን ጫፎች ይመልከቱ፤ ክፉኛ ከጠቆሩ ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ። ጫፎቹ ቀልተው መሀሉ ከጨለመ ግን ስታርተሩ ተጣብቋል። ሲነቅሉት አምፖሉ ቦግ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ መብራቱ አንዴ ከተነሣ ስታርተር አያስፈልገውም።

ስታርተር ሁሉ አንድ ነው ማለት

ይህኛው ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ባለ 18 ዋት ሁለት አጫጭር አምፖሎች በአንድ ባለ 36 ዋት ባላስት (ከረንት የሚገድበው ጥቅልል) ላይ በተከታታይ ከታሰሩ፣ የሚፈልጉት ጎኑ ላይ ከ4 እስከ 22 ዋት የሚል ስታርተር ነው። ከ4 እስከ 65 የሚለው በ220 ቮልት ለብቻው ለሚሠራ አምፖል የተሠራ ስለሆነ እዚያ አያስተማምንም። ባለሱቁ «ያው ነው» ቢልዎትም ጽሑፉን ራስዎ ያንብቡ። በዚህ አሠራር አንዱ አምፖል ሲሞት ሌላውም አብሮ ይጠፋል፤ ደህነኛውን አብረው እንዳይጥሉት።

ባላስቱን ሳያዩ አዲስ አምፖል መግጠም

የባላስት ሥራ ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ከረንት መገደብ ነው። ጥቅልሉ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ካደረገ አዲሱ አምፖል ከልክ በላይ ደምቆ ወዲያው ይቃጠላል። ባላስቱ የማረር ሽታ ካለው፣ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት እሱን ይቀይሩ፤ ዋቱም ከአምፖሉ ጋር ይግጠም። የባላስቱ ድምፅ ብቻ ከሆነ የሚረብሸው፣ መጀመሪያ የያዘውን ብሎን ያጥብቁ።

የመስመሩን ችግር በመብራቱ ማላከክ

ማታ በየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ኃይል ይወርዳል። ጮቄ ግርጌ ደግሞ የክረምቱ ብርድ ይጨመርበታል። ሁለቱም አምፖሉ እንዳይነሣ ያደርጋሉ። ምሽት እያስቸገረ ሌሊት ደህና ከበራ ዕቃ አይግዙ፤ ቮልቴጁን ያስለኩ።

ማጥፊያውን አምኖ መንካት

ከጠፋ በኋላ ፈዘዝ ብሎ የሚበራ ካለ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን (ኃይል ያለበትን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ሊሆን ይችላል። ያኔ ሽቦው ላይ ኃይል አለ። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ብሬከሩን ያውርዱ፣ በቴስተርም ያረጋግጡ።