ታናሹ ቁመቱ ካልደረሰ ሁለት ጊዜ አትሰለፉ

ካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ያለው የካርቱን መንደር፣ ሚኪስ ቱንታውን፣ ትንሽዬ ሮለርኮስተር (በሐዲድ ላይ የሚሮጥ መጫወቻ ባቡር) አለው። ለመሳፈር ቢያንስ 89 ሴንቲሜትር ቁመት ያስፈልጋል። ትልቁ ልጅ «ካልወጣሁ» ይላል፣ ታናሹ ቁመቱ አይደርስም። ብዙ ወላጆች ታዲያ አንዱ ተሰልፎ ሲወርድ ሌላው ከዜሮ ይሰለፋል።

ከመሰለፋችሁ በፊት ሁላችሁም አንድ ላይ መግቢያው ላይ ወዳለው ሠራተኛ ሂዱና «ራይደር ስዊች» (ወላጆች በየተራ የሚሳፈሩበትን አሠራር) ጠይቁ። ክፍያ የለውም። አንዱ ወላጅ ትልቁን ይዞ ይሰለፋል፤ ሌላው ከታናሹ ጋር እዚያው መንደር ውስጥ እየተጫወተ ይቆያል፣ ከሰልፉ አጠገብ መገተር የለበትም። ከዚያ ትቀያየራላችሁ፤ ተረኛው ረጅሙን ሰልፍ ዘልሎ ይገባል። ደስ የሚለው፣ ተረኛው አብዛኛውን ጊዜ ሰው አስከትሎ መግባት ስለሚችል ትልቁ ልጅ ሁለቴ ይሳፈራል። (ታናሹ ሒሳቡን እስኪነቃበት ድረስ!)

ታናሹን ለብቻው አቁማችሁ ከሆነ የምትጠይቁት ግን አይሆንም፤ አብሮት የሚቆይ አዋቂ መኖር አለበት። የቁመት ገደብ የሌላቸው መጫወቻዎች ላይም አትድከሙ፣ ሁላችሁም አብራችሁ ግቡ። ሰልፉ አጭር ከሆነም ይቅርባችሁ፤ ሮለርኮስተሩ ራሱ ገና ሳይሞቃችሁ ያልቃል።