አባሉ የሚናገርበት የቴሌግራም ቻናል እንዴት ይያዛል?

ሺህ ሰው ፖስቱን አይቶ አንድም ሰው ቃል የማይተነፍስበት ቻናል ብዙ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ አባሉ የሚናገርበት ቦታ አልተከፈተለትም፣ ወይ የተጠየቀው ጥያቄ መልስ የሚወጣው አይደለም።

የመጀመሪያው በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል። ቻናል ላይ የሚጽፈው አድሚን ብቻ ስለሆነ ግሩፕ ማያያዝ ያስፈልጋል። የቻናሉን ስም ንኩ፣ በእርሳስ ምልክቱ ግቡ፣ «ዲስከሽን» የሚለውን ከፍታችሁ አዲስ ግሩፕ ፍጠሩ ወይም ያላችሁን ምረጡ። ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ አዲስ ፖስት ሥር ኮሜንት መጻፊያ ይመጣል፤ ፖስቱም ግሩፑ ውስጥ ገብቶ ፒን ይደረጋል (ከላይ ይሰካል)። በቀን አራት አምስት ፖስት ካደረጋችሁ ፒን ያደረጋችሁት ደንብ በፖስቶች ይቀበራል። ስለዚህ ደንቡን የግሩፑ መግለጫ ላይ ጻፉት፤ መግለጫው የሚይዘው 255 ፊደል ስለሆነ ሦስት አጭር ደንብ ይበቃል።

ቴሌግራም የቻናሉን የመጀመሪያዎቹን 200 አባላት ራሳችሁ እንድትጨምሩ ይፈቅዳል። ስልካችሁ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ባትጨምሩ ይሻላል። ሳይጠየቅ የተጨመረ ሰው ወይ ይወጣል፣ ወይ ሙት ያደርጋል (የማሳወቂያ ድምፁን ይዘጋል)። ሙት ያደረገው ይብሳል፦ ቁጥሩ ውስጥ አለ፣ ቤቱ ውስጥ የለም። በገንዘብ የሚገዛ አባል ደግሞ ከነጭራሹ አይናገርም።

ዋናው ሥራ ጥያቄው ላይ ነው። የጓሮ አትክልት ቻናል አላችሁ እንበል። ስለ ጎመን ተባይ ረጅም ጽሑፍ ጽፋችሁ መጨረሻው ላይ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብትሉ የሚመልስ አታገኙም፤ ሰው ምን ብሎ እንደሚጀምር አያውቅም። ይልቅ «ጎመናችሁ ቅጠሉ ተበሳስቷል? ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን ፎቶ አንሱና እዚህ ሥር ላኩ» በሉ። ይህን ለመመለስ ማሰብ አያስፈልግም፤ ወደ ጓሮ መውጣት ይበቃል። ፎቶው ሲመጣ አረንጓዴ ትሉን በቀይ ክበቡት፣ መልሳችሁ ላኩ፣ ላኪውንም በስሙ ጠርታችሁ «ይኸው የሚበላው እሱ ነው፤ ጠዋት በእጅ ልቀሙት» ብላችሁ መልሱ። ሌሎቹ ለሰው መልስ እንደሚሰጥ ያያሉ፣ ከዚያ የየራሳቸውን ይልካሉ። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ኮሜንቶች በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልመለሳችሁ ግን በማግስቱ የሚልክ አይኖርም።

ስለዚህ ፖስት የምታደርጉበት ሰዓት እናንተ ነፃ የሆናችሁበት ይሁን። የላኪ ምልክቷን ተጭናችሁ በመያዝ ሰዓት ሞልቶ መተው ይቻላል፤ ሞልቶ መጥፋት ግን ጉዳት አለው። ውጭ ያሉ አባላትንም አስቡ። በኢትዮጵያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሪያድም 3 ሰዓት ነው፣ ዱባይ 4 ይሆናል፣ ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። የቀጥታ ውይይት ስትጠሩ «3 ሰዓት» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ በፈረንጅ ሰዓት የለመደው ስድስት ሰዓት ተሳስቶ ይመጣል።

ጽሑፉ ከፎቶ ሥር ከሆነ ገደቡ 1,024 ፊደል ነው፤ ያለ ፎቶ 4,096። ጽሑፍን ምስል ላይ አትለጥፉ። ዳታ ለመቆጠብ ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ የዘጋ ሰው አያነበውም፣ በፍለጋም አይገኝም። ፍለጋ ካነሳን፣ የሃሽታግ ሆሄያችሁን ከመጀመሪያው ወስኑ። ዛሬ #ፀረ_ተባይ፣ ነገ #ጸረ_ተባይ ከጻፋችሁ ሁለት የተለያዩ ሃሽታጎች ናቸው፤ አንዱን የነካ ሌላውን አያገኝም። በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በሰ እና ሠ፣ በአ እና ዐም እንዲሁ።

ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ ስሎው ሞድን (አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ ደግሞ ለመጻፍ እንዲጠብቅ የሚያደርገውን) በ30 ሰከንድ ወይም በ1 ደቂቃ ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ ሰውን ሳያባርሩ ነገሩን ያበርደዋል። ስድብ ያለበትን አጥፉ፣ ሰውየውንም በውስጥ መስመር አናግሩት፤ ሰው ፊት መገሠጽ እልህ ያስገባል። ከአድሚኖች ማን ምን እንዳጠፋ የሚያሳየው «ሪሰንት አክሽንስ» የ48 ሰዓቱን ብቻ ስለሚይዝ አድሚን ሲከሰስ ሳትዘገዩ እዩት። ያልተጣራ ወሬ ፎርዋርድ ማድረግም ቀልድ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱ ይከብዳል።

ቻናል የሚሰረቀው በባለቤቱ አካውንት በኩል ነው። «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ከምታውቁት ሰው ቢመጣም ስልክ ቁጥርና የመግቢያ ኮድ ከጠየቀ ዝጉት። የሁለተኛ ደረጃ የይለፍ ቃልን (ከመግቢያ ኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቀውን) ዛሬውኑ አብሩ። ባለቤትነትን ለሌላ አድሚን ለማስተላለፍ የይለፍ ቃሉ ከበራ 7 ቀን ሊሞላው ስለሚገባ፣ ስልክ ልትቀይሩ በዋዜማው ብታበሩት አይደርስላችሁም።